ከበረዶው መንደር የላክኩት ፎቶ

ከአገሬ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። አባቴ እስከ ጋራው ጫፍ ሸኙኝና፣ "ክፉም ቢገጥምህ አትንገረን፤ እዚህ ሆነን ምን እናደርግልሃለን?" አሉኝ። ቃላቸውን ጠበቅኩ፤ ጥፋቴም እሱ ነው።

አሁን የምኖረው ስቶክሆልም፣ ሮግስቬድ የሚባል ሰፈር ነው። ብርዱ ሲገባ አሠሪዎቼ ለጽዳት ወደ ሰሜን፣ የስኪ፣ የበረዶ ላይ መንሸራተቻ መዝናኛ ወደ ሆነ የተራራ መንደር ይልኩናል። ብርዱስ አይገርመኝም፤ ገብሳችንን ውርጭ ሲመታው እያየሁ ነው ያደግኩት። እኔን የሚገርመኝ ከፍሎ ሊበርደው የሚመጣው ሰው ነው።

እዚያ ኒልስ የሚባሉ ሽማግሌ አብረውኝ ይሠራሉ። አንድ ቀን የሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱን በር እያሳዩኝ፣ "ይህ የአባቴ የላም በረት ነበር" አሉኝ።

"ታዲያ አሁንም የእርስዎ ነው?"

"ቁልፉ አለኝ።"

"ቁልፉ ካለዎትማ እንደልብዎ ይገባሉ!"

"አዎ፣ ልጠርግ እገባለሁ" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ በኋላ ግን ከፋኝ። ልጆቻቸው እንኳ በተወለዱበት መንደር የቤት ዋጋ ንሮ መግዛት አቅቷቸው ከተማ ወርደዋል።

ለአባቴ የላክኩት ግን ፎቶ ብቻ ነው፤ የመብራቱን፣ የሆቴሉን፣ የመንገዱን። "የገበሬ መንደር ነበር፤ ዛሬ እንዲህ አምሮበታል" ብዬም ጻፍኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ቱነልባናው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ውስጥ ሳለሁ አባቴ ደወሉ። የእኛም ተራራ ላይ ትልቅ ሎጅ ሊሠራ ነው፤ መንደሩ መሬቱን ለቆ ወደ ቆላ እንዲወርድ ተጠይቋል።

"ሰዉ አንገራግሮ ነበር" አሉኝ በኩራት። "እኔ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥቼ ፎቶህን አሳየኋቸው። 'ልጄ በዓይኑ ያየው ነው' አልኳቸው። ሁሉም ፈረመ። እኔ ነገ እፈርማለሁ፤ አንተን ሳልጠይቅ አይሆንም ብዬ ነው የቆየሁት።"

"አባዬ፣ እባክዎ አይፈርሙ" አልኩና ስለዚያ መንደር የደበቅኩትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የኒልስንም ቁልፍ፣ የእኔንም መጥረጊያ።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በወደድኩ።

"እኔስ እሺ፣ አልፈርምም" አሉ ቀስ ብለው። "አንተን አምነው የፈረሙትን ግን ምን ልበላቸው?"

"እኔ በስልክ ልንገራቸው።"

"በስልክማ አንዴ ነግረሃቸዋል። ና፤ ዓይናቸውን እያየህ ንገራቸው።"

"እሺ አባዬ" አልኩ። የመኖሪያ ፈቃዴ እስኪታደስ ከስዊድን ብወጣ መመለስ እንደማልችል እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።