ዳማውን ፈረስ ያደነቀው ሰው

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ማኪና ሞተሯ ተቃጥሎ መንገድ ላይ ቆመች። ከገዛት ጀምሮ ዘይት ጨምሮላት አያውቅም፤ መካኒኩም ይህንኑ ነገረው። እሱ ግን ከንፈሩን ነክሶ፣ "ዓይን በልቷት ነው" አለ። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ማን ነበር ያደነቃት?" ብሎ ጠየቀ። ይህን ጥያቄ በወጣትነቴ ሰምቼዋለሁ። ያኔ የወደቀው ፈረስ ነበር።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ጎንደር ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ከአጎቴ ከአያ ታከለ ጋር እኖር ነበር። አያ ታከለ ለጥምቀት ጉግስ ብሎ ከማክሰኝት ገበያ ዳማ ፈረስ ገዛ። ጋጣውን መጥረግ፣ ወንዝ አውርዶ ማጠጣት፣ ገላውን ማሸት የእኔ ሥራ ሆነ። ሥራውን ወደድኩት፤ የእርጥብ ሣር ሽታና በማለዳ ብርድ አንገቴ ላይ የሚያርፈው የፈረሱ ትንፋሽ አሁንም አልጠፋብኝም። ቀለቡን ግን አጎቴ ራሱ ይሰጠው ነበር፤ በየጠዋቱ የተነከረ ጓያ፣ ቶሎ ያወፍራል ብሎ።

ጓያ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ሰው በአካባቢያችን አልነበረም። በክፉው ዓመት ጓያ ብቻ በልተው የከረሙ ጎረቤቶቻችን በምርኩዝ እየተጎተቱ በደጃችን ያልፉ ነበር።

"አያ ታከለ፣ ጓያው ቢቀርበትሳ?" አልኩት አንድ ቀን።

"ምነው?"

"እግር ይይዛል።"

"የሰው ነዋ። ይሄ ሁለቱን ቢይዝበት ሁለት ይተርፈዋል።"

በገና ሰሞን ፈረሱ ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብለጨልጭ ጀመር። ጋልቤው ስመለስ ግን ጉሮሮው እንደ ወናፍ ያፏጫል፤ ቁልቁለት ሲወርድ የኋላ እግሮቹ ይጠላለፋሉ።

በዚያው ሰሞን ቀጥቃጩ ገብሩ የጠገነውን ልጓም ይዞ መጣ። ለፈረሱ አጠለቀለትና አንገቱን መታ መታ አድርጎ፣ "ሸጋ ፈረስ ነው" አለ። "ከዓይን ያውጣው" ብሎ ግን አልጨመረም። በእኛ አገር ያለዚያ ምርቃት የወጣ አድናቆት ከእርግማን አይለይም፤ ብረት የሚቀጠቅጥ ሁሉ ቡዳ ነው ስለሚባል፣ ከቀጥቃጭ አፍ ሲወጣማ ይብሳል። ገብሩ ስህተቱ ወዲያው ገባው።

"ከዓይን ያውጣው፣ አያ" አለ።

"አሁንማ ምን ይረባል" አለው አጎቴ ፈገግ ብሎ። ያ ፈገግታ ከቁጣው ይበልጥ አስፈራኝ።

በማግስቱ ፈረሱ አንገት ላይ ክታብ ታሰረ። ጓያውም ቀጠለ።

የጥምቀት ዕለት አጎቴ ጎፈር ደፍቶ፣ ሜዳውን ሽምጥ ሲጋልብ ሁለት ፈረሰኞች ዘንግ ይዘው ተከተሉት። የፈረሱ ጉሮሮ ፉጨት በእልልታው መሀል ለእኔ ይሰማኝ ነበር። ከሜዳው እኩሌታ ላይ የኋላ እግሮቹ ተጠላለፉና ፈረሱ ከነአጎቴ ወደቀ፤ አልተነሣም።

"ጓያው ነው" አልኩ።

"ዝም በል፣ አንተ ፊደል ቆጣሪ" አለኝ አጠገቤ የቆመ ሰው።

አጎቴ ዳሌው ተሰብሮ ከፈረሱ ሥር ሲጎተት የመጀመሪያ ቃሉ፣ "ያ ቀጥቃጭ የት አለ?" የሚል ነበር።

ገብሩ ከሕዝቡ ጠርዝ ቆሞ አይቷል። አልሮጠም። ነጠላውን ሰብሰብ አድርጎ፣ እንዲህ ያለውን መንገድ ከዚህ በፊት እንደሄደበት ሰው ቀስ ብሎ ሄደ። ፈረሰኞቹ ቤቱ ሲደርሱ ፍሙ ገና አልጠፋም፤ እሱ፣ ሚስቱና ሕፃኑ ግን የሉም። ወናፉን ቀድደው ጎጆውን አቃጠሉት። አንዱ ወደ ዛሪማ ሲያቀኑ አየኋቸው አለ፤ ሌላው ጅብ ሆኖ አመለጠ ብሎ ማለ። ጎንደር ዳግም አላየችውም።

አጎቴ እስኪሞት በምርኩዝ ሄደ፤ ከሩቅ ሲያዩት ጓያ ከያዛቸው ጎረቤቶቻችን አይለይም ነበር። ከጎተራ የተረፈውን ጓያ ለሚቀጥለው ፈረስ ሰጠው። ያም ሲወድቅ ያደነቀው ሰው ተፈለገ፤ ተገኘም።

ወዳጆቼ ይህን ሳወራ "አለማወቅ ነው" ይሉኛል። አይመስለኝም። አጎቴ አሳምሮ ያውቅ ነበር። ጓያውን በገዛ እጁ ያቀረበ ሰው ነው የሌላውን ዓይን አጥብቆ የሚፈራው።

ጎረቤቴ ፍለጋውን አልተወም። ዛሬ ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ከሚስቱ ጋር የሰው ስም አንድ በአንድ ሲጠሩ ሰማሁ። "ሸጋ ማኪና ናት" ያልኩት እኔ እንደሆንኩ እስካሁን አላስታወሱም።