«አፉ በለኝ» በኮምቦልቻ ሜዳ

ከደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መመለስን «ጉዞ» ብሎ መጻፍ ያስተዛዝብ ይሆን ብዬ ብዙ አመነታሁ። መንገዱ አጭር ነው፤ የሆነውም ነገር አንድ ኳስ ሜዳ ላይ የሆነ ነው። ያም ሆኖ ያየሁትን በቅደም ተከተል ላስፍር።

ጠዋት፣ ፒያሳ

ቅዳሜ ማለዳ ከሰፈሬ ከሆጤ በባጃጅ ወደ ደሴ ፒያሳ ሄድኩ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። ከክፍል ጓደኛዬ ከደረጀ ጋር በየሳምንቱ የኮምቦልቻ ልጆችን እግር ኳስ እያጫወትን ንዴትን መቆጣጠርን፣ መደማመጥንና ጥፋትን ማመንን እናስተምራለን። ደረጀ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ ወሎን ካየ ወራት ቢሆነው ነው።

ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርድ ጉሙ ከኋላችን ቀረ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ጃኬታችንን አውልቀን ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ፓስቲ በሻይ በልተን፣ ከባድ መኪኖች ወደ ደረቅ ወደቡ የሚያልፉበትን መንገድ ተሻግረን ሜዳው ገባን።

ሜዳው

በእኛ ጨዋታ ዳኛ የለም። ያጠፋ ልጅ እጁን አንስቶ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የተበደለው ሲቀበለው ጨዋታው ይቀጥላል። የተሳደበ ግን ለዚያ ቀን ይወጣል።

ሀያት ከልጆቹ ሁሉ ፈጣኗ ናት። አባቷ አቶ ሰይድ እንድትጫወት የፈቀዱላት ከብዙ ልመና በኋላ ነው፤ በጸብ አንድ ቀን ከሜዳ ከተባረረች ዳግመኛ እንደማትመጣ ነግረዋታል።

እኔ ማዶ ከትንንሾቹ ጋር ሳለሁ ሀያት አቤል የሚባለውን ልጅ በትከሻዋ ገፍታ ጣለችው። እጇን አንስታ አንድ ነገር አለችው። ደረጀ ወዲያው አስወጣት። እኔ ስደርስ አቶ ሰይድ ከገበያ ሲመለሱ አይተው ኖሮ፣ ጫማዋን ስትፈታ አጠገቧ ቆመዋል።

ደረጀ በትህትና አስረዳቸው፤ ልጁን መጣሏ ሳያንስ ስለ አፉ ተናግራ ሰድባዋለች አላቸው።

«ምን ብለሽው ነው?» አሉ አቶ ሰይድ።

«አፉ በለኝ» አለች ሀያት ቀና ሳትል።

ወደ አቤል ዞሩ። «አንተስ?»

«አፉ ብያታለሁ።»

ያኔ ገባኝ። እኛ ዘንድ «አፉ በለኝ» ማለት «ይቅር በለኝ» ማለት እንደሆነ ለደረጀ ነገርኩት። ራሱን ያዘ።

«ወላሂ፣ እስካሁን ወሎ ውስጥ ያስቀየመህ ሰው የለም ማለት ነው» አሉት አቶ ሰይድ።

ደረጀ እንደ ልጆቹ እጁን አነሳ። «ሀያት፣ አፉ በይኝ።»

«አፉ ብያለሁ» አለች ጫማዋን መልሳ እያሰረች። «እኔ ከወጣሁ በኋላ የገባችው ጎል ግን አትቆጠርም።»

ጎሏን ያገባው አቤል ነበርና ክርክሩ ረዘመ። በመጨረሻ ጎሏ ተሰረዘች። አቶ ሰይድ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ጨዋታው እስኪያልቅም አልተነሱም።

መልስ

ሐረጎን ስንወጣ ብርዱ ተቀበለን። ደረጀ ቃሉን በየመሀሉ ለራሱ ይደግመው ነበር። እኔም ልናስተምራቸው የሄድነውን ነገር ልጆቹ ከቤታቸው ይዘውት እንደመጡ አሰብኩ፤ እኛ የጨመርነው እጅ ማንሳቱን ብቻ ነው።

ሀያት ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ አልቀረችም፤ የዓመቱ መርሐ ግብራችን ሲዘጋም የቡድኗ አምበል ነበረች። የመጨረሻው ጨዋታ የተካሄደው ሰኔ 7 ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።