የዳዊት ዜና በሐይቁ ዳር

ቅዳሜ ጠዋት፣ ክላርክስተን፣ ጆርጂያ፣ አሜሪካ

አርቪውን አስነሳሁ። አርቪ የሚሉት አልጋም ማድቤትም ያለው፣ የሚነዳ ቤት ነው፤ ሐይቅ ዳር ልናድርበት ለሁለት ቀን ተከራይተነዋል። ከኋላዬ ባለቤቴ ሂሩትና ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት እናቷ እማማ አስካለ ተቀምጠዋል። እማማ በጉዞው የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው። የመጨረሻ ልጃቸው ዳዊት ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ዜና ያነባል፤ እሱ እንዳያመልጣቸው። የአገር ቤት የምሽት ዜና እዚህ ቀትር ላይ ነው የሚታየው።

እኔም «አይስጉ» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ቤታችን በኢንተርኔት ነው የምናየው፣ ሐይቁ ዘንድ ግን ኢንተርኔት የለም፤ ስለዚህ ከወዳጄ ዲሽ ተውሼ ጫንኩ። ዛሬ ኮሌጅ ፓርክ በሚባል ከተማ የሆቴል እንግዳ በመኪና ባመላልስም፣ አዲስ አበባ የዲሽ ሠራተኛ ነበርኩ። ሂሩትንም ያወቅኳት ቤታቸው ዲሽ ልሰቅል ሄጄ ነው። እማማ ይህን እስከ ዛሬ አልወደዱልኝም።

ረፋድ፣ ከደንዉዲ ወዲያ

የደንዉዲ ፎቆች አለቁና ግራ ቀኙ ጥድ ብቻ ሆነ። መንገዱ ተመችቷቸው እንደሆነ እማማን ጠየቅኩ። ለሂሩት «ጥሩ ነው በይው» አሏት። ሂሩት ሳቋን ዋጠች።

ቀትር ሲቃረብ፣ ሐይቁ ዳር

ከሌሎች አርቪዎች አጠገብ በጥዶች ጥላ ሥር ፓርክ አድርጌ ዲሹን በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ ተከልኩ። እጄ አዲስ አበባ እንደለመደው ወደ ምዕራብ አዞረው። «ሲግናል የለም» ትላለች ሂሩት ከውስጥ ቴሌቪዥኑን እያየች። ከፍ አደረግኩ፣ ዝቅ አደረግኩ፣ የለም። ላቤ ጠብ ጠብ ይላል። እማማ በመስኮት ብቅ እያሉ ሰዓታቸውን ያያሉ።

ሂሩት ወጣች። «ታዬ፣ ጎረቤቶቻችንን ቼክ አድርግማ። የሁሉም ዲሽ ወደ ሐይቁ ነው የዞረው።»

እውነቷን ነው፣ ሁሉም ወደ ሐይቁ፣ ወደ ደቡብ ነው። እኔ ለካ ጆርጂያ ቆሜ ስፈልግ የነበረው በአዲስ አበባ ሰማይ ኖሯል። በደቡብ በኩል ደግሞ ጥዱ ጋርዶናል። ዲሹን ተሸክሜ ገመዱ እስከፈቀደ ድረስ ወደ ሜዳው ወጣሁ። ቀስ እያልኩ ሳዞረው ከውስጥ እልልታ ሰማሁ።

ይሁንና ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ አላስቆም አለ። ማቆሚያውን ስለቀው ዳዊት ይጠፋል፣ ስይዘው ይመለሳል። አቅፌው ቆምኩ። በተከፈተው በር ድምፁ ይደርሰኛል፤ መልኩን ግን ማየት አልቻልኩም። እማማ «ከስቷል» ሲሉ ተሰማኝ።

ማስታወቂያ ሲገባ እማማ በሳሩ ላይ ቀስ እያሉ መጡ። ዐይናቸው በእንባ ቀልቷል። በእጃቸው ቋንጣ ፍርፍር በሳህን ይዘዋል። ልቀበላቸው አንድ እጄን ላነሳ ስል ቆጣ አሉ።

«አትልቀቀው። እጅህ ሥራ ላይ ነው፣ አፍህን ክፈት።»

ጎረስኩ። ጉርሻው አፌን ሞላው። እሳቸው ሁለተኛውን እየጠቀለሉ ነበር።

«ቶሎ አኝክ እንጂ ልጄ፣ ማስታወቂያው ሊያልቅ ነው።»