ያወቀ ቀኝ፣ ያላወቀ ግራ

ፀዳል ክፍሏ ውስጥ አንድ ሕግ ነበራት። «አላውቅም» ያለ ልጅ አይቀጣም፤ ሳያውቅ ያወቀ የመሰለ ግን ወዮለት። ይህን ሕግ ያወጣችው ከመምህራን ኮሌጅ ወጥታ ድሬዳዋ ላይ የመጀመሪያ ክፍሏን የተረከበች ሰሞን ነው። በኋላ ባሏን ታፈሰን ተከትላ ጅቡቲ ስትገባ ሌላው ዕቃዋ መንገድ ላይ ሲንጠባጠብ ሕጓ አብሯት ገባ።

ታፈሰ ወደቡ ላይ የትራንዚት ሠራተኛ ነው። እሷ ካርቲየ ስድስት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ የአገር ቤቱን ትምህርት በአማርኛ በምታስተምር አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍልን ይዛለች። ክፍሉ ቆርቆሮ ነው። መብራት ሲኖር ማራገቢያው ትኩስ አየር ያማስላል፤ ሲጠፋ ያም ይናፍቃል። ልጆቹ የከባድ መኪና ሾፌር፣ የዘበኛና የቤት ሠራተኛ ልጆች ናቸው። መንገድ ላይ ሶማልኛ፣ ከባለሱቁ ጋር ዓረብኛ፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር ፈረንሳይኛ ያወራሉ፤ ቤት ሲገቡ እናታቸው በአማርኛ ትቆጣቸዋለች። ምላሳቸው በአራት በኩል የተሳለ ነው። ሰሌዳ ፊት ሲቆሙ ግን ፊደሉ እንደ ዓሣ ያዳልጣቸዋል።

እንግዲህ የሙያ ፈቃድ የሚባል ነገር አለ። ዕድሜ ልኩን ያስተማረ ሰው ማስተማር መቻሉን በየጊዜው ያስመስክር ይላል። ይሁን፤ ሾፌርም መንጃ ፈቃዱን ያሳድሳል። ለማሳደስ ደግሞ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መሥራት ግድ ነው። መምህሩ ከክፍሉ አንድ ችግር ይመርጣል፣ ዓመቱን ሙሉ መፍትሔ ሲሞክር ይከርማል፣ ያገኘውን ጽፎ ማህደረ ተግባር በሚሉት ጥራዝ ያቀርባል። በመጨረሻ ገምጋሚ ከአገር ቤት መጥቶ ሲያስተምር ያየዋል። ወረቀቱ ላይ ያለው ነገር ደግ ነው። ክፋቱ ወረቀቱ ላይ መቅረቱ ነው።

ፀዳል እውነት መሰላት። የመረጠችው ችግር ማንበብ ያቃታቸውን ልጆች ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ወንዱ ጫቱን ይዞ ሲጋደም፣ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋና ፍየሎች እንኳ የመኪና ጥላ ሥር ሲገቡ፣ እሷ እነዚያን ልጆች ይዛ በባዶው ክፍል ትቀመጣለች። ላባቸው ደብተሩ ላይ ጠብ እያለ ፊደል ይቆጥራሉ። ከሁሉ የባሰባት ትግስት ነበረች። እናቷ አበሩ በሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሀራሙስ ከሚገኙት ቪላዎች በአንዱ የቤት ሠራተኛ ናት፤ ልጅቷ የቪላዎቹን ፈረንሳይኛ እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። የአማርኛ ፊደል ሲመጣ አንገቷን ትደፋለች። የጫማዋን ቀኝና ግራ እንኳ አለዋውጣ አድርጋ ነው የምትመጣው፤ ልጆቹ ይስቁባታል። እጇን አውጥታ አታውቅም። ፀዳል ግን አልለቀቀቻትም፤ ከሌሎቹ አብልጣ ከትግስት ጎን ነበር የምትቀመጠው።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ፀዳል ማህደረ ተግባሯን ጻፈች። ምን ምን እንደሞከረች ዘረዘረችና ውጤት በሚለው ቦታ ላይ እውነቱን አሰፈረች። ግማሾቹ ማንበብ ጀምረዋል፣ ግማሾቹ አልቻሉም፣ ትግስት ከማይችሉት ናት፣ ሥራው አልተሳካም።

ርዕሰ መምህሩ ሙሉሰው ቢሮ ጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። የፈሪ ደግነት ደግሞ ለማንም አይተርፍም።

«መምህርት፣ እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ‘አልተሳካም’ ብሎ የጻፈ ሰው አላየሁም» አላት።

ተሳክቷል ብላ ትዋሽ እንደሆነ ጠየቀችው። እሱ ውሸት የሚለውን ቃል እንዳልተናገረ አስረዳት። ጥራዙ በዚህ ከሄደ ነጥቡ እንደማይሞላ፣ ያላት ተስፋ ገምጋሚው ፊት የምታሳየው ትምህርት ብቻ እንደሆነ፣ እዚያም ካልሞላላት ፈቃዷ እንደሚወድቅና ትምህርት ሲከፈት ክፍል ሊሰጣት እንደማይችል ነገራት። ፀዳል ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል። ክፍሏ ከተወሰደ የሚቀራት እንደ አበሩ ቪላ ውስጥ የሰው ልጅ መጠበቅ ነው። አበሩን ንቃ አይደለም። ከጠመኔ ሌላ በእጇ ይዛ ራሷን የምታውቅበት ነገር ስለሌላት ነው።

ከቢሮ ስትወጣ ፈትያ በር ላይ ጠበቀቻት። ፈትያ ሦስተኛ ክፍልን የምታስተምር፣ ምላሷ የማይታሰር ሐረሪ ናት። የእሷ ማህደረ ተግባር ከአንድ መምህር ወደ ሌላው ሲገለበጥ ከደጋ ወርዶ ጅቡቲ የደረሰ ነው። ርዕሱ «በአዝመራ ወቅት ከትምህርት የሚቀሩ ተማሪዎችን መቀነስ» ይላል። ጅቡቲ ውስጥ ማን ያጭዳል? ምን ያጭዳል? ድንጋይ? ቢሆንም አልፏል፤ በከፍተኛ ነጥብ።

«ፀዲ፣ አንቺ እኮ ኑዛዜ ነው የጻፍሽው» አለቻት ፈትያ። «ንስሐ ካማረሽ ቄስ አለልሽ፤ ገምጋሚው ምን በወጣው?»

ከዚያ ፀዳል ኮሌጅ ሳለች ጀምሮ የምታውቀውንና የምትጸየፈውን ዘዴ ፈትያ አነሳችላት። እንግዳ ሲመጣ ክፍሉ በሙሉ እጁን ያወጣል፤ ያወቀ ቀኙን፣ ያላወቀ ግራውን። መምህሩ ከቀኞቹ ብቻ ይጠራል። እንግዳው አንድም ደካማ ሳያይ ይሄዳል። ፀዳል በሕይወቷ አላደርገውም ብላ ነበር። ፈትያም ‘በሕይወቴ’ የሚለው ቃል የሥራ ዋስትና እንደማይሆን ነግራት ሄደች።

በማግሥቱ ፀዳል ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ነበር ለልጆቹ የነገረቻቸው። ፊታቸውን እያየች ሊወጣላት አልቻለም። ነገ እንግዳ ይመጣል፣ ስጠይቅ ሁላችሁም እጅ አውጡ፣ ያወቀ ቀኝ፣ ያላወቀ ግራ።  ከፊት የሚቀመጠው ረምዚ፣ ጎበዙ፣ ጠየቀ።

«ቲቸር፣ አላውቅም ማለት ቀረ እንዴ?»

«ለነገ ብቻ ነው» አለች።

ለነገ ብቻ! ስንቱን አገር ያፈረሰው ይህ ቃል ነው።

ገምጋሚው አዳነ ይባላል። ከአምቡሊ አየር ማረፊያ በቀጥታ መጥቶ፣ ክራባቱን በላብ አርሶ ከኋላ ተቀመጠ። ፀዳል ስለ ጨው የሚያወራ አጭር ምንባብ ሰሌዳው ላይ ጻፈችና ማን እንደሚያነብላት ጠየቀች። እጅ እንደ ጫካ በቀለ። አብዛኛው ግራ ነው፤ ጥቂት ቀኝ፣ የታወቁት ጎበዞች። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ አንድ ቀኝ እጅ ነበር፣ ክርኑ ያልታጠፈ፣ ቀጥ ያለ። የትግስት እጅ።

ፀዳል አየችው። ያየችው ግን እጁን አይደለም፤ የተለዋወጠውን ጫማ ነው። ምስኪን፣ ቀኝና ግራዋን አምታታች አለች በልቧ። እንግዳ ፊት እንዳትዋረድ አዘነችላት። ሐዘኔታም ሰው የሚገድለው እንዲህ ነው። ረምዚን ጠራች። ረምዚ አነበበ። ሁለተኛውን አንቀጽ ማን ያነብልኛል አለች፤ የትግስት ቀኝ እጅ እዚያው ነበር። ሌላ ልጅ ጠራች። በሦስተኛው ጊዜ ልጅቷ የደከመ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ ይዛው ነበር። ፀዳል ዓይኗን ሰበረችና አለፈቻት። በሚቀጥለው ጥያቄ ከመስኮቱ ሥር የወጣው እጅ ግራ ሆነ። ፀዳል ይህንንም አይታ፣ ተመስገን፣ አሁን ገባት አለች።

ሲያበቃ ልጆቹ ወደ ግቢው ፈሰሱ። አዳነ ነጥቡን ሞልቶ፣ ፈርሞ፣ ማህተሙን ረገጠው። ከመነሳቱ በፊት ክራባቱን እያላላ እንደ ጨዋታ አነሳው።

«እኔም አስተምሬያለሁ፣ እህቴ። ግራ እጆቹን ቆጥሬያቸዋለሁ።»

ፀዳል ዞራ ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመረች። እሱ ግን ፈገግ አለ።

«አይዞሽ። ቅጹ የሚጠይቀኝ ስንት ተማሪ እጁን አወጣ ብሎ ነው። የትኛውን ብሎ አይጠይቅም።»

የሚያውቅ ያውቃል፣ የሚፈርም ይፈርማል፣ ሁሉም እጁን ያወጣል። አገር የሚያህል ክፍል እንዲህ ነው የሚማረው።

በሳምንቱ አበሩ ከሥራዋ አስፈቅዳ ትምህርት ቤት መጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ለምስጋና ነበር የመጣችው። በዚያ ሰሞን ቪላው ማድ ቤት ውስጥ ከአገር ቤት የመጣ የበርበሬ እሽግ ስትከፍት ትግስት ከእጇ ነጥቃ ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዳነበበችላት ነገረቻት። የተዘጋጀበትን ከተማ ሳይቀር፣ ‘በደረቅ ቦታ ይቀመጥ’ የሚለውን ሳይቀር። እመቤቲቱ ምን ሆነሻል እስክትላት ድረስ እንዳለቀሰች አልደበቀችም። ያ የሆነው እንግዳው ከመምጣቱ ከጥቂት ቀን በፊት ነበር። ልጅቷ ለቲቸር በሰው ፊት አሳያታለሁ ብላ ለማንም እንዳትናገር እናቷን አስምላት ነበር።

«እጄን አውጥቼ አልጠራችኝም አለችኝ» አለች አበሩ፣ ወቀሳ እንዳይመስልባት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልጅ አይደለች፤ ሳታይሽ ቀርታ ነው አልኳት።»

ፀዳል አላየኋትም ብላ መለሰች። ከግራና ቀኙ እጅ ቀጥሎ ይህ ሁለተኛው ውሸቷ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀልሎ ወጣላት።

የእነዚያ የከሰዓት ላቦች ፍሬ ይኸው ነበር። አልተሳካም ብላ የጻፈችው ሥራ ተሳክቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እጁን አውጥቶ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላሉ፤ እሷ መዳብም አላለችው። ያ እጅ አልዋሸም ነበር፤ ውሸቱን ራሷ ስላስተማረች እውነቱን ስታየው አላመነችውም።

ከዚያ ወዲያ ትግስትን ለብቻዋ አስቀርታ ሞከረች። መጽሐፉን አስጠጋችላት፣ አባበለቻት፣ ይቅርታም ጠየቀቻት። ልጅቷ ጫማዋን ታያለች፤ ከአፏ ግን አንዲት ፊደል አልወጣም።

የታደሰው ፈቃድ ትምህርት ሊዘጋ ሲል በአንድ ሾፌር እጅ ተልኮ መጣ። ሙሉሰው በፕላስቲክ አሽጎ ክፍሏ ድረስ ይዞላት ገባና በልጆቹ ፊት ሰጣት። ልጆቹ አጨበጨቡ። እሱ ሲወጣ ፀዳል ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ደፍታ፣ ጠመኔ አንስታ ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጻፈች። በርበሬ። ማን ያነብልኛል አለች።

ከመስኮቱ ሥር እጅ ወጣ። ክርኑ ያልታጠፈ፣ ቀጥ ያለ። ግራ እጅ።

«ትግስት፣ አንቺ አንብቢልኝ» አለች ፀዳል።

«አላውቅም ቲቸር» አለች ልጅቷ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች።

በክፍሉ ሕግ «አላውቅም» ያለ አይቀጣም። ሳያውቅ ያወቀ የመሰለ ይቀጣል። ሕጉ እያወቀ አላውቅም ስለሚል ልጅ የሚለው ነገር የለም፤ ፀዳል ሕጉን ስታወጣ እንዲህ ያለ ልጅ ይኖራል ብላ አላሰበችም ነበር። ትግስት እጇን አላወረደችም። ፀዳልም ቀጥሎ የምትጠራው ልጅ ጠፍቷት፣ ጠመኔዋን እንደጨበጠች ቆማ ቀረች።