ሁለት ዓመት በሮዳጅ

አባቴ አጥብቆ የሚያምንባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ሮዳጅ ነው። አዲስ ሞተር እንደ አዲስ ድስት መሟሸት አለበት፣ እስኪሟሽ በዝግታ ይነዳል፣ ይላል። ዕድሜውን በከባድ መኪና ሾፌርነት ጨርሶ ጡረታውን ይዞ ሱሉልታ ባሠራት ቤት ተቀምጧል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከቤተሰቡ የቀረነው እሱና እኔ ብቻ ነን።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከሱሉልታ እስከ ጫንጮ ባለው ሜዳ ላም ስታምጥ፣ ፈረስ ሲያነክስ፣ የበግ ሆድ ሲነፋ የሚደወለው ለእኔ ነው። ሞተር ሳይክሌን የገዛሁ ቀን አባቴ ዙሪያዋን እየዞረ አያትና «ዛሬን ለእኔ ተያት፤ ለሮዳጅ አዘጋጅልሻለሁ» አለኝ። ተውኩለት። እኔ የላም ሆድ እንጂ የሞተር ሆድ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲሷ ሞተሬ አሮጊት ሆነች። ነዳጅ መስጫውን እስከ ጥግ ብጠመዝዘው ትጮሃለች እንጂ አትሮጥም። ሜዳ ላይ ባጃጅ ይቀድመኛል። ዳገት ላይማ አንዴ ፈረስ የሚጋልብ ጎረምሳ አጠገቤ ደርሶ «ዶክተር፣ ገመድ ልወርውርልሽ?» ብሎኛል። ቤት ገብቼ ስነጫነጭ የአባቴ መልስ አንድ ነው፤ «ሮዳጅ ላይ ናት፣ ታገሺ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።» ዓመቱ አለቀ፤ ሮዳጅ ላይ ናት። ሁለተኛው መጣ፤ አሁንም ሮዳጅ ላይ ናት። የሰፈራችን ሰው «ሮዳጅሽ አላለቀም?» ማለትን እንደ ሰላምታ ያዘው። እኔ ግን አባቴን አምነው ነበር። ስለ መኪና የተናገረው ነገር ስቶ አያውቅማ።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ከጫንጮ ወዲህ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ደወሉልኝ። አገሩ ሁሉ በኦሮምኛ ኦቦ፣ አቶ እንደ ማለት፣ እያለ ብቻ ነው የሚጠራቸው፤ እኔም እንደዚያው። ላማቸው ምጥ ይዟታል፣ የጥጃው አንድ እግር ብቻ ወጥቷል። በረርኩ ልበል? አልበረርኩም። ሞተሬ እያለቃቀሰች ዳገቱን ስትወጣ እኔም አብሬያት ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ስደርስ ጥጃው ሞቷል። ላሟ የማይነሳውን ልጇን ትልሳለች። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ እጄን እያስታጠቡኝ «ሞተርሽ ደከመች መሰል» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያችኛዋም ቀኗ ደርሷል» አሉ ደግሞ፣ በረት ውስጥ ወደቆመችው ቀይ ላም እያመለከቱ። ያቺም ጥጃዋ ከሞተባት በዚያ ዓመት ያ ቤት ወተት አያይም።

እሑድ ጠዋት አባቴ ቤተ ክርስቲያን እንደሄደ ሞተሯን ግቢ መሃል አቆምኳት። ከእንግዲህ ትግሥት የለም! የአባቴን ቁልፎች ዘረገፍኩ፤ ስልኬን ባልዲ ላይ አስደግፌ ተመሳሳይ ሞተር ሲፈታ የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈትኩ። የነዳጁን ቧንቧ ዘጋሁ፣ ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለውን ካርቡሬተር የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፈታሁ፣ እየነቀነቅሁ አወጣሁት። በቪዲዮው ላይ ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ ምንም የለም። በእኔዋ ላይ ግን አንዲት ስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ተለጥፋበታለች፤ መሃሏ ላይ ከአውራ ጣቴ የምታንስ ቀዳዳ አለች። ሞተሬ ሁለት ዓመት የተነፈሰችው በዚያች ቀዳዳ ነው። ሰፊውን ጉሮሮዋን አንቀው ነው ሩጪ የሚሏት!

ቆርቆሮዋን በካቻቢቴ ፈልቅቄ ጠርጌ አየኋት። ላይዋ ላይ ክብ ክብ መስመሮች አሏት። መሃሏ ያለችው ቀዳዳ ጠርዟ በሞረድ ተሞርዷል። መስመሮቹን የት ነው የማውቃቸው ስል ቆየሁና አእምሮዬ ውስጥ መብራት እንደመጣ ሁሉ ቦግ አለልኝ። ከትንሿ የሽሮ ድስት ክዳን የተቆረጠች ናት! ቀዳዳዋ የክዳኑ እጀታ የነበረበት ነው። ያ ክዳን ሲጠፋ ከኋላ ቤት ያለችውን ተከራይ በክፉ ዓይን ሳይ ነው የከረምኩት።

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ካርቡሬተሩን መልሼ አሰርኩ፣ አስነሳኋት፣ ነዳጅ ሰጠኋት። ወይ ድምፅ! ዶሮዎቹ በአጥር ዘለው ጠፉ። ብቻዬን ግቢ መሃል ቆሜ እልል አልኩ። እንደገና ሰጠኋት፣ ደግሜ ሰጠኋት።

ዞር ስል አባቴ ጋቢውን እንደለበሰ የግቢው በር ላይ ቆሟል። ድምፁን ከመንገድ ሰምቶ ሁሉን እንዳወቀ ከፊቱ ገባኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት ቆርቆሮዋን አፍንጫው ሥር አቅርቤ።

«ክዳን ነዋ።»

«አባዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሮዳጅ? ጥጃ እኮ ሞቶብኛል! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ትለኛለህ፤ የዘገየችው ደግሞ ጥጃ ቀበረች!»

ጋቢውን ሰብስቦ የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «የሞተሯ ሮዳጅ በሁለት ወሩ አልቋል» አለ።

«ታዲያ?»

«የኔ ነው ያላለቀው።»

እሱ ቆርቆሮዋን ከእጄ ወስዶ በጣቶቹ ያገላብጣታል። «እዚያ መንገድ ላይ ከመሪ ጀርባ ሆኜ ያየሁትን አንቺ አላየሽም። የሲሚንቶ መኪና ሲመጣ ምን እንደሚመስል ከውስጥ ነው የማውቀው። ከእናትሽ በኋላ ያለሽኝ አንቺ ነሽ።»

አሳዘነኝ፤ ግን አልተሸነፍኩለትም። «ቆርቆሮዋ አትመለስም» አልኩት።

«ትመለስ አልኩሽ?» ብሎ ተነሳና ቤት ገባ። ሲመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል፤ አዲስ የፍሬን ሸራ፣ የፊትም የኋላም። ጋዜጣው ቢጫ ሆኗል። «አንድ ቀን እንደምትፈቻት አውቅ ነበር። በይ፣ መሮጥ የፈለገ መጀመሪያ መቆሚያውን ያበጅ።» ጋቢውን አጥር ላይ ሰቅሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ሸራውን አብረን ቀየርን። ካርቡሬተሩን አላጠበቅሽም፣ አየር ያስገባል፣ ይሄ ምን ዓይነት አሠራር ነው እያለ ሲቆጣኝ እንደዚያ ቀን ቁጣው ጣፍጦኝ አያውቅም።

የእጃችንን ቅባት ሳንታጠብ ስልኬ ጮኸ። ኦቦ ናቸው። ቀይዋ ላም! «ኢንተለ ኮ፣ ዳፊ!» ይላሉ፤ ልጄ፣ ፍጠኚ ማለታቸው ነው።

ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ አባቴ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«አንተ ደግሞ የት?»

«ፍሬኑን ልሞክር።»

ለመከራከር ጊዜ አልነበረኝም። አስፋልቱን እንደያዝን ነዳጅ ሰጠኋት፤ ሞተሬ ከሥሬ ልታመልጥ ደረሰች። ሜዳው ወደ ኋላ ይነጉዳል፣ ንፋሱ እንባዬን ወደ ጆሮዬ ይነዳዋል፣ ሁለት ዓመት አቧራ ያስቃመኝን ባጃጅ ዘር ማንዘሩን አለፍኩት። የአባቴ እጆች ጃኬቴን ጨምድደው ይዘዋል። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ማርሽ ልቀንስ እግሬን አዘጋጀሁ። አላስፈለገም። ዳገቱ አለቀ።

ስንደርስ የጥጃው እግር ይንቀሳቀሳል። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ታጥፎ ኖሯል። እስከ ትከሻዬ ገብቼ አስተካከልኩት፤ ኦቦና አባቴ ገመዱን ይዘው ላሟ ባማጠች ቁጥር ሳቡ። ዱብ አለ። አይተነፍስም። አፍንጫውን ጠርጌ ገለባ ሰደድኩበት። አስነጠሰ! አባቴ የቤተ ክርስቲያን ልብሱ በደምና በእበት ተለውሶ እንደ ሕፃን ያጨበጭባል። ኦቦ እጃችንን በተራ እየሳሙ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያሉ ያመሰግናሉ።

ስንመለስ በዝግታ ነዳሁ። አባቴ ሽማግሌ ነው፤ ስመጣ ሳስጨንቀው እንደነበር አሰብኩና ልቤ ራራ። ቀኜን ይዤ፣ ነዳጅ ቆጥቤ፣ ልክ እንደ ድሮዬ። አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈን።

አባቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ምነው? ሮዳጅ ላይ ነሽ እንዴ?»