አንድ ዱላ፣ ሁለት መንግሥት

በመጀመሪያ ያስተዋልኩት የጋሼ ወልደተንሣኤን ቀኝ እጅ ነው፤ ከጋቢው አይወጣም። ነውር መሆኑን እያወቀ ጠላውን እንኳ በግራው ተቀበለ። ከጋቢው ሥር ግን ጣቶቹ ጉልበቱን ይጎስሙ ነበር።

ጊዜው የ1953 ዓ.ም. ጥምቀት ሰሞን ነው። ከኮሌጅ ወደ ደብረ ብርሃን መጥቼ ጎረቤታችንን ጋሼ ወልደተንሣኤን ልጠይቅ ገባሁ። በአደባባዩ ምሰሶ ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የአዲስ አበባን ሬዲዮ ለከተማው የሚያሰማ እሱ ነው። ከዚያ በፊት እንደ አባቱ ነጋሪት መቺ ነበር። ለገበያ የሚመጣው የደነባ ገበሬ «ቆርቆሮ አዋጅ አይነግረኝም» ብሎ ስላስቸገረ፣ ሬዲዮው «አዋጅ» ባለ ቁጥር ጋሼ ወልደተንሣኤ ነጋሪቱን ይጎስማል፤ ሰዉም ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ይሰማል።

በታኅሣሥም ሬዲዮው «አዋጅ» አለ። እጁ እንደ ልማዱ ጎሰመ፤ ከተማው ወጥቶ ቆመ። የተነገረው ግን የመንግሥት ግልበጣ ነበር። አዲሱ መንግሥት ሳይሰነብት ወደቀ፤ የጎሰመው እጅ ቀረ።

«ሬዲዮው ያሉትን ነው ያለው» አለኝ በሹክሹክታ። «ነጋሪቱን ማን አዘዘህ ቢሉኝስ? ቆርቆሮው እንደሆነ ድሮም ተሰቅሏል። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ባለሱቁ ገብረ ሕይወት ባየው ቁጥር «በአንድ ዱላ ሁለት መንግሥት!» እያለ ይስቅበታል አሉ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ወደ ሱቁ ዝር አላለም።

ይህን እያወራን አንድ ፖሊስ ከደጅ ቆመ።

«አባት፣ የጣቢያው ሻለቃ ይጠሩዎታል። ነጋሪቱን ይዘው ይምጡ።»

«ለመጎሰም ነው?»

«እኔ ይምጡ በላቸው ነው የተባልኩት።» ፖሊሱ ሄደ።

ጋሼ ወልደተንሣኤ ነጋሪቱን በግራ እጁ ከግድግዳው አወረደ። ዱላውን ግን መደብ ሥር ወሸቀው።

«ምን ማድረግህ ነው?» አለች ሚስቱ ወለተሐና።

«እጄን እንዳያስታውሳቸው።»

«አንተ ሰው! ዱላውን ደብቀህ ብትሄድ ጥፋቴን አውቃለሁ ማለትህ አይደል? እንደ ወትሮህ ሂድ።» ጎንበስ ብላ አወጣችና በመታጠቂያው ሻጠችለት።

ከደጁ ቆሜ አየሁት። ነጋሪቱን በጎኑ አንግቷል። በተራመደ ቁጥር ዱላው ቆዳውን ነካው፤ ድም አለ፣ ድም። ገብረ ሕይወት ከሱቁ ወጣ። ሴቶች ወጡ። አዋጅ የመጣ መስሏቸው፣ ወንዶቹ ባርኔጣ እያወለቁ፣ ሁሉም ግራና ቀኝ ቆሙ። እኔም፣ ሁሉን እያወቅሁ፣ ሳላስበው ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ያን ጊዜ ቀኝ እጁ ከጋቢው ወጣ። የነጋሪቱን ቆዳ በመዳፉ ሸፈነ፣ የሚያለቅስ ልጅ አፍ እንደሚይዝ አባት። ማንንም ሳያይ፣ በቆመው ሕዝብ መካከል ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄደ።