ለቤት ወይስ ለባልዲው?

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ስኳርና ሌሎች ዕቃዎቼን ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ደርድሬ ሳለ፣ ልጅቷ ቀና ሳትል «መልሱን ለተቸገሩ ልጆች ይተዉታል?» አለችኝ።

«ለየትኞቹ ልጆች?»

«እሱን ዋናው ቢሮ ነው የሚያውቀው።»

ከኋላዬ የተሰለፉት መቁነጥነጥ ጀመሩ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ሳልጠይቅ ካለፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ዘይት እዚህ ይሻላል፣ ሩዝ እዚያኛው ይሻላል እያልኩ ከአንዱ ሱፐርማርኬት ወደ ሌላው ስዞር ልጆቼ «የሱቅ መርማሪ» ይሉኛል። አመሉ የያዘኝ ልጅ ሳለሁ፣ ከሚሴ ከተማ ነው።

ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። በደሴ መንገድ ዳር ሁለት ሱቆች ፊት ለፊት ተፋጠው ይቆሙ ነበር። የአህመድ አዲሱ ሱቅ ማቀዝቀዣ ነበረው፤ በዚያ ሙቀት በሩ ላይ መቆም ራሱ ያስጎመጃል። የሐጂ እንድሪስ ሱቅ ግን ጨለም ያለ፣ በርበሬና ላምባ ላምባ የሚሸት ነው። ሐጂ ስኳር መዝነው ሲጨርሱ እንደ ሌላው ነጋዴ ምራቂ ይጨምራሉ፤ ከመጨመራቸው በፊት ግን ማንኪያውን አንስተው «ለቤት ወይስ ለባልዲው?» ይላሉ። ባልዲው እግራቸው ስር የተቀመጠ፣ ለተቸገረ ሰው ሰደቃ የሚጠራቀምበት ነው። ብዙው ሰው «ለባልዲው» ይላል። ከባልዲው ሲቀበል ያየሁት ሰው ግን አልነበረም። ታዲያ ማን ነው የሚበላው?

አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ሰፌድ እየሰፋች ነበር የምታሳድገን። ኩሩ ናት። ዘመድ እህል ሲልክላት እንኳ «የሚሠራ እጅ አለኝ» ብላ ትመልሳለች። ሱቅ ስትልከኝም «ምራቂያችንን ለባልዲው በይ፣ ከእኛ የባሰ አለ» ማለቷን አትረሳም።

አንድ ቀን የሐጂ ሱቅ ተዘግቶ ግማሽ ኪሎ ስኳር ከአህመድ ገዛሁ። እናቴ የስኳር ጣሳችን ውስጥ ስትገለብጠው ከአፉ በታች ጎደለ። የሐጂ ግማሽ ኪሎ ግን ሁልጊዜ ሞልቶ ይፈሳል፤ እናቴም ለዚሁ ብላ ከጣሳው ስር ሰፌድ ታደርጋለች። ምስኪኑን አህመድ በሆዴ ሌባ አደረግኩት። ወሬውን ለጓደኛዬ ለሐያት ነገርኳት፤ አባቷ የጭነት መኪና ያለው ሰው ነው። እሷም ምራቂውን «ለባልዲው» ብላ ከሐጂ ግማሽ ኪሎ ገዝታ፣ እናቴ ገበያ በሄደችበት ቤታችን ይዛ መጣች። በእኛው ጣሳ ሰፈርነው። እንደ አህመድ ስኳር ከአፉ በታች ጎደለ።

«እንዴ! የእናንተ ብቻ ነው እንዴ የሚፈሰው?» አለች ሐያት።

በማግስቱ ሐጂ ጋ ሄድኩ። «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?» ብለው በኦሮምኛ «ልጄ» እያሉ ሰላም አሉኝ፤ መዘኑ፤ ጠየቁኝ። «ለባልዲው» አልኩ። እንደ ልማዳቸው ወደ ኋላ ዞረው በጋዜጣ ሊጠቀልሉልኝ ሲሉ ባንኮኒው ላይ ተንጠላጥዬ አየሁ። ከባልዲው ጨልፈው የእኔ ስኳር ላይ ጨመሩበት።

«ሐጂ፣ እሱ እኮ ለተቸገረ ሰው ነው!»

ደነገጡ። በሩን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያ ረቢ! ኢንተላ ኮ፣ እናትሽ ሲሰጧት ትመልሳለች። የገዛችውን ግን አትመልስም። ከነገርሻት ሁለተኛ እዚህ ደጅ አትደርስም።»

ፊቴ ጋለ። ማን ነው የሚበላው እያልኩ ስመራመር የኖርኩት ለካ እኛው ነን! አፈርኩ፣ ደግሞ ሐጂን ማቀፍ አማረኝ። ጥቅልሉን ደረቴ ላይ አጥብቄ፣ የጭነት መኪኖቹ አቧራ እያለበሱኝ፣ ልንገራት አልንገራት እያልኩ ቤት ደረስኩ።

እናቴ ስኳሩን ገለበጠች። ሞልቶ ፈሰሰ። ሰፌዱ ላይ የወደቀውን በጣቷ እየሰበሰበች «የሐጂ እጅ ይባረክ» አለች። «ምራቂውን ለባልዲው አልሽ?»

«አዎ።»

«ማሻአላህ። ከእኛ የባሰ አለ።»

 እሷ እስክታርፍ ድረስ አልነገርኳትም። ታውቅ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ጣሳው ለምን እንደሚፈስ ግን አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

«እናት፣ ይተዉታል?» አለችኝ ገንዘብ ተቀባይዋ።

«ተይው፣ ከእኛ የባሰ አለ» አልኳት። ያኔ ቀና ብላ አየችኝ።

በሩ ላይ ስደርስ ስኳሩን ከፌስታሉ አውጥቼ በእጄ መዘንኩት። ልክ የገዛሁትን ያህል ብቻ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ቅር አለኝ።